የምሕረት ዝንጀሮ

ሰኞ

አራት መስኮት! ሥዕል የሚያንቀሳቅሰውን የኮምፒውተር ፕሮግራም ስከፍተው ስክሪኑ ለአራት ተከፈለ። አንዱ ከላይ ያሳያል፣ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከጎን። አራተኛውን እንደፈለጉ ያዞሩታል። መሀል ላይ አንድ ግራጫ ሳጥን ተቀምጧል። እሱን ላንቀሳቅስ ብዬ ማውሱን ስጎትት ሳጥኑ ንቅንቅ ሳይል ዙሪያው ሁሉ ተገለበጠብኝ።

ጋሽ ታደሰ፣ የምሠራበት የቪዲዮ ስቱዲዮ ባለቤት፣ ከኋላዬ ቆመው ሲያዩኝ ነበር። «አስቴር፣ ይሄ የሰርግ ቪዲዮ እንደ መቁረጥ አይደለም። አዲስ አበባ ያሉት ባለሙያዎችም ተምረውት ነው።»

«እኔስ እየተማርኩት አይደል?» አልኳቸው።

ሰፈራችን ሲኬላ በሙቀቱ ጭር ሲል፣ በምሳ ሰዓት፣ ኮምፒውተሩን እንድጠቀም ፈቅደውልኛል። ለምን እንደፈለግኩት አልጠየቁኝም፤ ጠይቀውኝ ቢሆን በንዴቴ እጮህባቸው ነበር።

ባለፈው ሳምንት የምሕረት ትምህርት ቤት ዳይሬክተር አስጠሩኝ። ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው። ሕፃን ሳለች ማጅራት ገትር ይዟት ነበር፤ ነፍሷ ተረፈ፣ ጆሮዋ አልተረፈም። «እህቴ፣ ልጅቷ አይገባትም። ወንበር ከምታሞቅ ቤት ብትውል ይሻላል» አሉኝ። አይሰማትም እንጂ ይገባታል አልኩ። በምን አወቅሽ አሉኝ። በማግስቱ ሥዕሎቿን ይዤ ሄድኩ። ጫኖ ገጠር፣ በአጎቷ የሙዝ ማሳ ውስጥ ያየችውን ነው የሳለችው፦ ዝንጀሮው መጣ፣ ሰረቀ፣ አባረሩት፣ በሌላ በኩል ዞሮ ገባ። ሙሉ ታሪክ ነው። ዳይሬክተሩ አንዱን ብቻ አንስተው አዩና «ሥዕል ማንም ልጅ ይሞነጫጭራል» አሉ።

እንግዲያው ሲንቀሳቀስ ያዩታል።

ማክሰኞ

ምን እንደነካሁ አላውቅም፣ መስኮቶቹ በሙሉ ጠፉ። ከቀኝ ያለው ዝርዝር የለም፣ ከግራ ያሉት መሣሪያዎችም የሉም። ባዶ ግራጫ! ላቤ እየተንጠባጠበ የነካሁትን ሁሉ መልሼ ነካሁ። በመጨረሻ አንዷን ቁልፍ ስጫን ሁሉም ተመለሰ። ለካ ተደብቆ እንጂ ጠፍቶ አልነበረም። ከዚያ ወዲያ አልፈራሁትም። ሆን ብዬ አጠፋሁት፣ መለስኩት፣ አጠፋሁት፣ መለስኩት።

ዛሬ ያወቅኩት፦ ሳጥኑ ላይ ያለው ቀይ ቀስት ወደ ጎን ይወስደዋል። ሰማያዊው ወደ ላይ። አረንጓዴው ወደ ውስጥ ነው፣ እሱ ገና ያስቸግረኛል። ታች ያለው ረጅሙ መስመር ጊዜ ነው። ፕሮግራሙ ውስጥ ያለው ካሜራ ካላየው ነገሩ እንደሌለ ይቆጠራል።

ደምሴ ከጂንካ መንገድ ላይ ደወለ። ባሌ የአይሱዙ ሹፌር ነው። ዳይሬክተሩ ያሉትን ስነግረው «ታዲያ ምን ያለፋሻል? እናቴ ጋ ጨንቻ ትሂድ፣ ፈትል ትማር» አለኝ።

ስልኩን ዘጋሁበት። መልሶ ደወለ፣ አላነሳሁም። ፈትል ነውር ሆኖ አይደለም። ተስፋ ቆርጦባት ስለሆነ ነው።

ረቡዕ

ተራመደ!

ሥዕሉን ስካን አድርጌ እጁን፣ እግሩን፣ ጅራቱን ለየብቻ ቆረጥኩ። ከዚያ ጊዜው መስመር ላይ መጀመሪያ የሚቆምበትን ቦታ ምልክት አደረግኩ፣ ራቅ አድርጌ ደግሞ የሚደርስበትን። መሀሉን ማሽኑ ራሱ ሞላው። ዝንጀሮዬ ወደ ኋላ ነው የሄደው፣ ያውም መሬት ሳይነካ፣ ግን ሄደ። ብቻዬን እንደ እብድ ሳቅኩ።

መብራት ሄደ። ሴቭ አላደረግኩም።

ጋሽ ታደሰ ሲገቡ ጨለማው ስክሪን ፊት ተቀምጬ አገኙኝ። «ተይው በቃ» አሉ። መብራቱ ሲመለስ ከሀ ጀመርኩ። ሁለተኛው ፈጠነልኝ፣ እግሩም መሬት ነካ።

ሐሙስ

ምሕረትን ይዣት መጣሁ። ዝንጀሮዋ ሲራመድ ስታይ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ትደሰታለች ብዬ ስጠብቅ ክንዴን ትጎትተኝ ጀመር። ራሷን በኃይል ትነቀንቃለች፤ ልክ አይደለም ማለቷ ነው። ተነስታ ወለሉ ላይ ዝንጀሮ ሆነች። ጎንበስ አለች፣ ዞር ብላ ኋላዋን አየች፣ ከዚያ ነው ሙዙን የቀጠፈችው። እኔ ለካ ሳያይ አስቀጥፌዋለሁ! ሌባ ሳይገላመጥ ይሰርቃል እንዴ?

ጋሽ ታደሰ በሩ ላይ ቆመው ነበር። «ማን አሳያት?»

«ማንም አላሳያትም።»

አስተካከልኩት። ወደ ቪዲዮ ለመቀየር ግን ማሽኑ ሰዓታት ይፈልጋል፣ የአንድ ሙሽራ የሰርግ ቪዲዮ ደግሞ ወረፋ ይዟል። ምን ልበላቸው እያልኩ ስፈራ፣ «ሙሽራው ይጠብቅ» አሉና ወጡ።

ዓርብ

ከምሕረት ጋር ቪዲዮውን በሲዲ፣ ሥዕሎቿንም ይዘን ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባን። ዳይሬክተሩ ሰዓታቸውን እያዩ ተቀመጡ። ዝንጀሮው ሲገላመጥ ፈገግ አሉ፤ አየኋቸው።

«አንቺ ሠርተሽው ለምን የልጅቷ ነው ትያለሽ?»

«እኔ ያንቀሳቀስኩት እጅና እግሩን ነው። ታሪኩ የሷ ነው። ካላመኑኝ ይፈትኗት።»

ሥዕሎቿን ጠረጴዛው ላይ ደባለቁት። ምሕረት ቅደም ተከተሉን ጠብቃ አንድ በአንድ ደረደረችው። እሳቸው ሆን ብለው አንዱን አዛነፉት፤ እጃቸውን ቸብ አድርጋ መለሰችው። እኔ ደነገጥኩ። እሳቸው ግን ሳቁ፣ ከዚያ ሳቃቸው ቆመ። ሥዕሎቹን አንድ በአንድ እያነሱ አዩ።

«መምህርቷን ላናግራት። ፊት ወንበር ላይ ሆና፣ በሥዕል እየታገዘች... ቃል ግን አልገባም።»

«ቃል አልጠየቅኩዎትም» አልኳቸው።

ማታ ለደምሴ ደወልኩለት። ስለ ፈትል አላነሳም። «ዝንጀሮውን ለኔም ታሳይኛለሽ?» ብቻ አለ። አሳየዋለሁ።

ሰኞ ደብተሯንና እርሳሷን አስይዤ ይዣት እሄዳለሁ። ካስገቧት ገባች። ካላስገቧት እዚያው በሩ ላይ አብረን እንቀመጣለን፤ ማን ቀድሞ እንደሚሰለቸው እናያለን።