ብቸኛ ነው ብለው የፈረሙለት ቁጥር

የወንድማችን ስሕተት በዚህ ጽሑፍ ይግባ አይግባ በሚለው ላይ ቤተሰቡ እስከ ዛሬ ጠዋት አልተስማማም። ታላቃችን ልብስ ሰፊው «የሞተ ሰው መልስ አይሰጥም፤ ተዉት!» ሲሉ፣ የሟቹ ባለቤት «በሰው ፊት ይነበብልኝ ብለው እኮ ነው የሞቱት» ብለው ወረቀቱን ነጠቋቸው። እኔ ታናሽ እኅታቸው ቃላቸውን አክብሬ ጽፌዋለሁ።

ወንድማችን ከአናጺ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በ1952 ዓ.ም. ተወለዱ። ትምህርታቸውን እንደ ጨረሱ ለአሥራ አራት ዓመት ሒሳብ አስተማሩ። ማካፈል በተሠራ ቁጥር «ቀሪውስ?» ሳይሉ ስለማያልፉ ተማሪዎቻቸው «ጋሽ ቀሪ» ይሏቸው ነበር። በ1983 ዓ.ም. ትዳር መሥርተው ሁለት ሴት ልጆች አፈሩ።

በ1994 ዓ.ም. በፍርድ ቤት መዝገብ ክፍል ተቀጠሩ። ሥራቸው በምስጢር የመሰከሩ ሰዎች ዝርዝር በኮምፒውተር የሚቆለፍባቸውን ቁጥሮች መመርመር ነበር። መቆለፊያው የሚበጀው በትልቅ ብቸኛ ቁጥር፣ ማለትም ከአንድና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው በሌለ ቁጥር ነው። ቁጥሩን ማንም ቢያየው ግድ የለም፤ ብቸኛ ካልሆነ ግን አካፋዮቹን የሚያውቅ ሰው ዝርዝሩን ይከፍታል። በደንቡ መሠረት አንዱ ባልደረባ ቁጥሩን ያመጣል፣ ሌላው ይመረምራል።

በ2004 ዓ.ም. መቶ ሃምሳ አራት አሃዝ ያለው ቁጥር ቀረበላቸው። እንዲህ ያለውን እያካፈሉ ለመጨረስ ዕድሜ ስለማይበቃ በኮምፒውተር በተለመደው መንገድ ፈተኑት። ሁለትን የቁጥሩን ያህል ጊዜ፣ አንድ ጎድሎ፣ በራሱ አባዝተው ለቁጥሩ ሲያካፍሉ ቀሪው አንድ መጣ። በሦስትም፣ በአምስትም፣ በሌሎች ሃያ ቁጥሮችም እንደዚያው። ብቸኛ ነው ብለው ፈረሙ።

ከስድስት ዓመት በኋላ የጉበት ሕመም አልጋ ላይ ሲያውላቸው፣ ቀኑ እንዲያልፍላቸው የድሮ ቁጥሮቻቸውን ጠንከር ባለ ፈተና ደገሙ። ያ ቁጥር ወደቀ። ብቸኛ ሳይሆን ብቸኛ የሚመስል ቁጥር እንዳለ ያውቁ ነበር፤ ትንሹ አምስት መቶ ስድሳ አንድ ሲሆን ለሦስት፣ ለአሥራ አንድና ለአሥራ ሰባት ይካፈላል። ትልልቆቹ ግን እጅግ ብርቅ ናቸው። «ይሄ በዕጣ አይመጣም» አሉን፤ «ሰው ነው የሠራው። የሠራው ደግሞ አካፋዮቹን ያውቃል።» እሳቸው ፈልገው አላገኟቸውም፤ ፈተናው መኖራቸውን እንጂ ማንነታቸውን አይናገርም።

አለቃቸው ሊጠይቋቸው በመጡ ጊዜ ነገሯቸው። አለቃው «ጋሽዬ፣ ስድስት ዓመት ሲቆልፍ ሲከፍት የኖረ ነገር ዛሬ ምን ነካው? ይልቅ እርስዎ ይዳኑልን» ብለው ትራሳቸውን አስተካከሉላቸው። ወንድማችን እንዳስረዱን እንዲህ ያለ ቁጥር መቆለፊያውን አያበላሽም፤ እንደ ደህናው ይቆልፋል፣ ይከፍታል። እንቅልፍ የነሳቸውም ይኸው ነው። ዝርዝሩ ዛሬም በዚያው ቁጥር እንደ ተቆለፈ ነው። በምስጢር የመሰከራችሁ ከመካከላችን ካላችሁ፣ ስማችን ተሰውሯል ብላችሁ አትመኑ፤ ይህን አንብቡ ያሉን ለእናንተ ነው።

ወንድማችን በተወለዱ በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ግንቦት 9 ቀን 2010 ዓ.ም. ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ልጆቻቸውን፣ ታላቃችንንና እኔን ትተዋል። ፈጣሪ ያልጨረሱትን ሥራ ከጫንቃቸው አውርዶ ነፍሳቸውን ያሳርፍልን።

ልታጽናኑን የመጣችሁትን ሁሉ እናመሰግናለን። ከሁሉ ቀድመው የደረሱት ቁጥሩን አምጥተውላቸው የነበሩት ባልደረባቸው ናቸው። ወንበር ደረደሩ፣ ልጆቹን አባበሉ፣ ይህን ጽሑፍ ወደ ማተሚያ ቤት ሳይሄድ ሁለት ጊዜ አንብበው ፊደል አረሙልን፤ ከዚያም በሩ አጠገብ ያስቀመጡትን ትልቅ ሻንጣ አንሥተው፣ አውሮፕላን እንዳያመልጣቸው ሄዱ።