ጥላ ዜሮ ነው ያልኩት መቼ ነው?

የካቲት 3

ይቺን ለሰው አልናገራትም። ዛሬ ኡካ መንደር፣ በቡና ገበሬዎቹ ፊት ስናገር የዋልኩት ሹራቤን ገልብጬ ለብሼ ነው! ስፌቱ ወደ ውጭ፣ ማርካው አንገቴ ሥር ተንጠልጥሎ። ባልደረባዬ በየነች የነገረችኝ ሚኒባስ ውስጥ፣ ወደ መቱ ስንመለስ።

«ምነው ቀድመሽ ብትነግሪኝ?»

«ሰው ፊት? ይሉኝታ የለኝም እንዴ!»

የቢሮውን ወሬ ሁሉ አንድ ሳታስቀር የምታወራ ሴት… የኔ ሹራብ ላይ ጨዋ ሆነች።

ሌላው ጥሩ ነበር። የቡና ምርት በምን እንደሚወሰን ያጠናሁትን በፕሮጀክተር አሳየሁ። ሰንጠረዡን የኮምፒውተሩ ፕሮግራም እንዳወጣው ለጠፍኩት። ዝናብ፣ ጥላ፣ ከፍታ፣ የዛፍ ዕድሜ፣ አረም… ስማቸው ወደ ታችም ወደ ጎንም። የእያንዳንዱ ክብደት፣ ማለትም ምርቱን ምን ያህል እንደሚወስን፣ ከላይ ግራ እስከ ታች ቀኝ በሰያፍ፣ የቀረው ቦታ ሁሉ ዜሮ። ጥላ ሁሉንም በለጠ፣ 0.41። ጥያቄ አለ ወይ ስል፣ ዝም። ከዚያ ጭብጨባ። ከገበሬዎቹ ጋሼ ደቅሲሳማ ቆመው መረቁኝ።

የካቲት 9

ሹራቡ ትዝ ሲለኝ አሁንም ፊቴ ይግላል።

የካቲት 14

ጠዋት በየነች ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ፣ «ሰማሽ? ጋሼ ደቅሲሳ ወዴሳቸውን እያስቆረጡ ነው አሉ።»

ወዴሳውን? ያን ቡናቸው ላይ ያጠላውን ዋንዛ?

«ጥላ አይጠቅምም፣ ዜሮ ነው ብላለች የመቱዋ ልጅ እያሉ ነው።»

እኔ?! መቼ?

ደወልኩ። «ጋሼ፣ በእግዜር ያስቁሙ!»

«ምነው ልጄ? አንቺው አይደለሽ ያሳየሽን? የጥላ ድምር ዜሮ። የዝናብም ዜሮ። ቁጥር ያለው አረም ብቻ። ይኸው መንደሩ በሙሉ አረም ላይ ነው።»

ድምር… ሰንጠረዡን ገልጬ አየሁት። የገበሬ ማኅበሩ የቡና መረከቢያ ሰንጠረዥ ላይ ድምሩ ሁልጊዜ ቀኝ ዳር ነው። የኔንም እንደዚያው አነበቡት! የኔ ሰያፍ ደግሞ ቀኝ ዳር የሚደርሰው የመጨረሻው ረድፍ፣ አረም ላይ ብቻ ነው። የጥላ ረድፍ በዜሮ ያልቃል።

«ለምን አልጠየቁኝም ጋሼ?»

«እንግዳ እናሳፍር?»

ሁለት ዛፍ ወድቋል። ጎረቤቶቻቸው ከጣውላ ነጋዴ ጋር ተስማምተው ከሦስት ቀን በኋላ ሊጀምሩ ነው። የዚያ ሁሉ ሰው ቡና ፀሐይ ላይ… በኔ ሰንጠረዥ! ስብሰባ ጥሩልኝ ብዬ ለመንኳቸው።

የካቲት 15

ምሳ አልበላሁም። ፕሮግራሙ ሰያፉን ብቻ ነጥሎ እንዲያወጣ አዘዝኩት። ለካ አንድ መስመር ትእዛዝ ኖሯል! ዜሮዎቹ ጠፉ። እያንዳንዱ ክብደት ከስሙ አጠገብ፣ ትልቁ ከላይ፣ ከጎኑ እንደየመጠኑ የሚረዝም አግድም ዘንግ።

በየነችን ጠራኋት። «ምን ይታይሻል?»

«ጥላ ይበልጣል።»

«የፊተኛውስ ሰንጠረዥ?»

«እውነቱን ልንገርሽ? አንዱም አልገባኝም። ዝም ብዬ ነው ያጨበጨብኩት።»

አንቺም!

የካቲት 16

ኡካ። ሹራቤን ገልብጬ ሄድኩ። ዛሬ ሆን ብዬ።

«ከመጀመሬ በፊት፣ እኔ ላይ የተበላሸ ነገር ያየ አለ?» አልኩ። ሁሉም ጣሪያ ጣሪያውን። ኧረ እስከ መቼ… ጋሼ ደቅሲሳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ… ሹራብሽ። ያን ዕለትም እንዲሁ ነበር።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ፣ ዓይኔ ግን እንባ ሞልቶ ነበር። «ሰንጠረዤም ተገልብጦ ነበር ጋሼ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኩና አዲሱን አሳየሁ። የጥላ ዘንግ ከሁሉ ረዝሞ ሲያዩ ጋሼ ደቅሲሳ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

ከኋላ እትዬ ኡርጂ እጃቸውን አወጡ። «ይቺ ቁጥር የምን ናት? ኪሎ ናት?»

ጥያቄ! ልስማቸው ምንም አልቀረኝ። ከዚያ ማን ያቁማቸው… ሚኒባስ ሊያመልጠን እስኪል ጠየቁ። ነገ መጥረቢያ የሚያነሳ የለም።

የሁለቱ ዛፎች ቦታ ግን ባዶ ነው። ጋሼ ከሥሩ የነበረውን ቡና በቅጠል ሸፈን ሸፈን አድርገውታል። ዝናቡ ሲጥል ያብብ ይሆን? ሄጄ በዓይኔ አያለሁ። ደርቆም ካገኘሁት እዚሁ እጽፈዋለሁ፣ አልደብቅም።