እማዬ እና የስፔኖቹ ቤተ ክርስቲያን

ሰኞ
ሊዘጉት ነው። ስፔኖች ድሮ በጭቃ ጡብ የሠሩት የፍሪሞንት ከተማው አሮጌ ቤተ ክርስቲያን፣ እድራችን ቅዳሜ ቅዳሜ አዳራሹ ውስጥ የሚሰበሰብበት፣ የመሬት መንቀጥቀጥ አይችልም ተባለ። ሐሙስ እዚያው የከተማው ሰዎች የጠሩት ስብሰባ አለ፤ የፈለገ ሁለት ሁለት ደቂቃ ይናገራል። ምነው ለእማዬ ባልነገርኳት። ሳምንቱን ሙሉ አፓርትማ ውስጥ ተዘግቶባት ከሰው የምታወራው ቅዳሜ ብቻ ነው። "እንግዲያው ትኬቴን ቁረጪልኝ፣ አገሬ እገባለሁ" አለችኝ። የምሯን ነው።

ማክሰኞ
ሥራ ላይ ልቤ የለም። ማን ይናገርልን? በእንግሊዝኛውስ እኔ እሻላለሁ፤ ግን የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ መኮንን እያሉ ቀድሜ ብናገር ምን እባላለሁ? ኮል አደረግኩላቸው። "ግድ የለሽም ልጄ፣ ለኔ ተይው" አሉ። የሚያስፈራኝም ይኸው ነው።

ረቡዕ
እማዬ ሻንጣዋን አውጥታ ስትወለውል አገኘኋት። ተናድጃለሁ። ስንት ዓመት ቪዛዋን ፕሮሰስ አድርጌ ከአገር ቤት ያመጣኋት እናቴ ለአንድ አዳራሽ ብላ ጥላኝ ልትሄድ? ደግሞ ይቆጨኛል። ቀን ሥራ ነኝ፣ ስገባ ደክሞኝ ድፍት እላለሁ። ምን ታድርግ።

ሐሙስ
የፈራሁት ደረሰ። ጋሽ መኮንን በከረባት ሽክ ብለው ማይኩን ያዙ። የከተማውን ሰዎች አንድ በአንድ ሰላም አሉ፣ ቤተሰባቸውን ጠየቁ፣ እግዜርን አመሰገኑ። ሁለት ደቂቃው አልቆ ቀይ መብራቱ በራ። ስለ አዳራሹ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። "ሰው ሰላም ሳልል ወደ ጉዳይ ልግባ እንዴ?" ይላሉ ሲመለሱ። አንገቴን ደፋሁ።

ቀና ስል እማዬ ማይኩ ጋ ቆማለች። ሮጬ ሄጄ ተረጎምኩላት። "ቅዳሜ ከበር ስገባ ሰው በስሜ ይጠራኛል። ሌላ ቀን ስሜን የሚጠራ የለም። ልጄም እማዬ ነው የምትለኝ" አለች። የመጨረሻዋንም ሳልቀንስ ተረጎምኩ።

አርብ
ውሳኔው ለሌላ ጊዜ ተላለፈ፤ እስከዚያ ግን በሩ ዝግ ነው። ምን ዋጋ አለው ብዬ ተበሳጭቼ ከሥራ ስገባ እማዬ ስልክ ላይ ናት። የእድሩን ሰው በሙሉ ነገ እኛ ቤት ጠርታለች። አንድ መኝታ ቤት፣ ያውም ሌክ ሜሪት ሰፈር፣ ፓርኪንግ የማይገኝበት። የት ነው የማስቀምጣቸው? ትሄዳለች ወይስ ትቀራለች፣ አላውቅም። ግን እዚህ ቤት ከገባች ጀምሮ ቲቪ ለመክፈት እንኳ ታስፈቅደኝ ነበር። ይሄን ሁሉ ሰው ስትጠራ አላስፈቀደችኝም።