ማይኩ ትራሱ ስር ነበር

ኬሩቦ፣

የሱኩማው ጎመን ድስቱ ውስጥ አለ፤ አሙቂው እንጂ ጨው አትጨምሪበት። ባትሪው ቻርጅ ላይ ነው። አንቴናው ሽቦ ላይ ያሰጣሁትን ልብስ አንስቻለሁ። ስንት ጊዜ ነግረሽኝ ነበር።

እህቴ ቤት ሄጃለሁ። ከሥራ ስትገቢ ዓይንሽን የማይበት ፊት የለኝም።

የዝናቡ ወራት እስኪያልፉ ማታ ማታ ለፈተናው አስጠናሽኝ። በሬዲዮ የመነጋገር ፈቃዴ ሲመጣ ከእኔ ይልቅ የጨፈርሽው አንቺ ነሽ። ዛሬ ጠዋት የሬዲዮ ማኅበሩ ሰዎች የመጀመሪያ ድምፄን እንዲጠብቁ የነገርሻቸውም አንቺ ነሽ። ሰላም አልኳቸው፣ እንኳን ደስ አለሽ አሉኝ። ከዚያ ማይኩን አልጋው ላይ ጣል አድርጌ ለእህቴ ስልክ ደወልኩ። ለካ ትራሱ የመናገሪያውን ቁልፍ ተጭኖታል።

«ኬሩቦማ ስታስተምር ፍየል የምትነዳ ነው የሚመስላት» ስል የኪሱሙ ከተማ ሙሉ ሰማ።

ስለ ባልሽ ያልኩትን እዚህ አልደግመውም። ለእኔ ብቻ የነገርሽኝ ነበር።

ትራሱን ሳነሳ በሬዲዮው የማኅበሩ ሽማግሌ ምዜ ኦዱንዲ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ሰማሁ። ከዚያ አንቺ፣ ከመሥሪያ ቤትሽ ሆነሽ፣ ለአዲስ ሰው ሁሉ እንደሚባለው፣ «ኔኬሳ፣ ድምፅሽ ጥርት ብሎ ይሰማል» አልሽና ዘጋሽ።

ብትሰድቢኝ ይሻለኝ ነበር።

ግድግዳው ላይ የሰቀልሽልኝን ፈቃድ አውርጄ መሳቢያ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ትንሿን ሬዲዮ ግን ይዣለሁ። ማታ ከሰዎቹ ጋር ስትነጋገሪ እከፍታታለሁ፤ ትንፍሽ አልልም።

ለመስማት ፈቃድ አያስፈልግም። መጀመሪያ ያስተማርሽኝ እሱን ነበር።

ኔኬሳ