የሚደውልልሽን ሰው የምትጠይቂው

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እናቴ፣ ጭልጋ፣ አይከል አጠገብ።

እማየ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ እንዴት ነው፣ ብርዱ አልጠናበትም? ዐይንሽስ፣ ያ ማለዳ ማለዳ የሚያስለቅስሽ ነገር ተወሽ? ከብቱ፣ አዝመራው፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደኅና ነው? እኔ ከናፍቆትሽና ከንዴቴ በቀር ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አክስቴ አሰፋችም ደኅና ናት፤ ሙቀቱ በዚህ ወር ስለቀነሰላት በረንዳዋ ላይ እየተቀመጠች አላፊ አግዳሚውን ታማለች። ንዴቴን በሰላምታ መሃል ማስገባቴን ይቅር በይኝ፤ ለብቻው ላቆየው ብል እምቢ አለኝ።

ባለፈው ሳምንት ስደውልልሽ ስልኩን ለታናሽ ወንድሜ ለስንሻው ሰጥተሽ ወጣሽ። «እሷ ከኮምፒውተሯ ጋር ታውራ» ማለትሽንም ሰምቻለሁ። ስለዚህ ድረ ገጽ በመሥራት እንጀራዋን የምትበላ ልጅሽ ይኸው ብዕርና ወረቀት ይዛ ተቀመጠች። ወረቀት ጆሮ ላይ አይዘጋም። ስንሻው፣ ይህን ስታነብላት መረር ያለውን እየዘለልክ እንዳታልፍ፤ አመልህን አውቀዋለሁ።

እማየ፣ ይህን ደብዳቤ ያመጣልሽ ሰው ታምሬ ነው፣ የጎረቤትሽ የእትየ ዙፋን ልጅ። ደኅና አድርገሽ እይው፣ ከፈለግሽም እጁን ያዥው። ሱዳን ጠረፍ ላይ፣ ሐምዳይት፣ በሰንሰለት ታስሯል፣ ገንዘብ ካልተላከለት ይሞታል ተብሎ እናቱ በሬዎቿን የሸጠችለት ታምሬ ይኸው ነው። አንድም ቀን ታስሮ አያውቅም። ባሱንዳ፣ አንድ ሱዳናዊ እርሻ ላይ ዱራ የሚሉትን ማሽላ ሲቆርጥ ነው የከረመው፤ ድምፁ የጠፋው ስልኩ ውኃ ገብቶበት ስለተበላሸ ነው። ሄደን ስናገኘው «እኔን ደግሞ ማን አሰረኝ?» ብሎ ሳቀብን። የበሬዎቹን ነገር ስንነግረው ግን ራሱን ይዞ መሬት ላይ ቁጭ አለ። እናቱ በስልክ ድምፁን ሰምታ እንኳ «አስገድደው ነው የሚያናግሩት» ብላ አላመነችም። እንግዲያስ በእግሩ ይሂድላት ብለን በዶካ በኩል ላክነው።

አሁን ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ፤ ሰው አጣሞ ነግሮሻልና። ወንድሜ ደጉ ከጠፋ በኋላ እዚህ ገዳሪፍ ላለው ለአቡየ ጽዋ ማኅበራችን አንድ ድረ ገጽ መሥራቴን ታውቂያለሽ። ለሰሊጥ አጨዳ ከመተማ ተሻግሮ ደብዛው የጠፋ ሰው ሁሉ ስሙ፣ ፎቶው፣ መጨረሻ የታየበት ቦታ ይወጣበታል። ያየው ሰው ይጽፍልናል፣ እኛም ለቤተሰቡ እንደውላለን። መጀመሪያ የጻፍኩት የደጉን ስም ነው፤ ዶካ ላይ የጭነት መኪና ሲሳፈር ታየ ብየ። ከሱ በኋላ የተጻፉ ስንቶቹ ተገኝተው አገራቸው ገቡ፤ የኔው ብቻ ቀረ።

ከዚያ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጋሽ ኪዳኔ፣ ለጸሎት እንዲመች የክርስትና ስማቸውም ይግባ አለ። አይሆንም፣ እሱ ለካህኑ በጆሮ የሚነገር ነው ብየ ተከራከርኩ። ተቆልፎ ይቀመጣል ብሎ ሽማግሌዎቹን አስማማና በድምፅ ተረታሁ። ቁልፉን፣ ማለትም ለመክፈት የሚጻፈውን የምሥጢር ቃል፣ ራሱ መረጠው፤ አቡየ ብሎ አምስት ቁጥር ጨመረበት። ወር በገባ በአምስት የአቡየ ቀን መሆኑን የማያውቅ ሐበሻ ገዳሪፍ ላይ አለ? ይቀየር ብየ ብለምነው «አቡየን ማን ይደፍራል» አለኝ። ሌባ ደፈራቸው፤ ቃሉን ገምቶ ከፈተው።

አንቺ ነሽ ልጅ ሳለሁ የክርስትና ስሜን ለጓደኛ እንኳ እንዳልናገር ያስጠነቀቅሽኝ፤ ክፉ ሰው ይሠራበታል ብለሽ። ያንን የናቁት ዛሬ ጉዱን አዩት። ሌቦቹ የታምሬን የክርስትና ስም ከነእናቱ ስልክ ቁጥር ወሰዱና ደወሉላት። ያ ስም ከሷና ከካህኑ በቀር የሚያውቀው የለም ብላ ታምን ስለነበር ሌላ ነገር ሳትጠይቅ በሬዎቿን አወጣች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ ግን እናት በልጇ ስም ስትጠራ እንዴት ትጠርጥር? ለራዲያም ደውለውላት ነበር። ራዲያ ማለት ገበያው ውስጥ የኢንተርኔት ቤት ያላት፣ እኔ የምሠራላት እስላሟ ጓደኛየ ናት፤ የሷም ወንድም እስማኤል የጠፋው ደጉ በጠፋበት ዓመት ነው። የክርስትና ስም የሌለው ሰው ሆነባቸውና «ወንድምሽ በእጃችን ነው» ከማለት በቀር የሚጨምሩት አጡ። እሷም በአረብኛ ሐራሚ፣ ሌባ ብላ ሰድባ ዘጋችባቸው።

ቀጥለው የደወሉት ላንቺ ነው። ደጉ በሕይወት አለ፣ እስከ ገና ካልከፈልሽ ግን አታገኝውም አሉሽ፤ የክርስትና ስሙንም ጠሩልሽ። እሱን እዚህ አልጽፈውም። አንቺም ስሙን እንደሰማሽ መሬቱን ልታስይዢ ተነሣሽ፣ እኔን ደግሞ ገጹን ዝጊ፣ ማኅበሩን ይቅርታ ጠይቂ፣ ወዲህ ነይ አልሽኝ። ስምሽን አጎደፍሽ፣ የሰው ስም ሸጠች ተብሎ ተወራብሽ አልሽ። እማየ፣ ትህትና ብለሽ ስም ስታወጪልኝ ይይዛታል ብለሽ ነበር፤ አልያዘኝም። አልዘጋም፣ አልመጣም፣ ያላጠፋሁትንም ይቅርታ አልጠይቅም።

ይህንኑ ከትናንት ወዲያ፣ በአቡየ ዕለት፣ ማኅበሩ ፊት ቆሜ ተናግሬዋለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ ሁሉም በኔ ላይ ጮኸ። ጋሽ ኪዳኔ፣ ቁልፍ ቁልፍ ማለቴ እምነት ማጣት እንደሆነ፣ ከዚያ ከኮምፒውተሩ መስኮት ፊት ውየ ስለማድር ሃይማኖቴ እንደላላ ተናገረ። እኔም የቤተ ክርስቲያናችን ዕቃ ቤት ለምን ይቆለፋል፣ ያውም በሁለት ጓጉንቸር፣ ብየ ጠየቅሁት። ጻድቁ ጽናጽሉን መጠበቅ አቅቷቸው ነው? አሮጊቷ እማማ ደብሪቱ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች። ገጹም ሳይዘጋ አደረ።

የክርስትና ስሞቹን አንድ ሳይቀር አጥፍቻቸዋለሁ። ከእንግዲህ ለካህኑ በቃል ይነገራሉ፣ ጸሎቱም አልተቋረጠም። ቁልፉን ቀይሬ ለሁለት ከፈልኩት፤ ግማሹን እኔ አውቃለሁ፣ ግማሹን ራዲያ፤ አንዳችን ያለ አንዳችን አንከፍተውም። የአቡየን ቁልፍ ለእስላም ሰጠች ብለው ደግሞ አዲስ ወሬ ይዘዋል። ያውሩ። ወንድሟ ከወንድሜ ጎን ነው ስሙ የተጻፈው። እሷ ስትሰግድ እኔ ሱቁን እጠብቃለሁ፣ እኔ ሳስቀድስ እሷ ትጠብቃለች። ለፖሊስም አብረን አመልክተናል። ሃይማኖቴ ላልሽው፣ ጾሙን ይዣለሁ፤ ለደጉ ሳልሰግድ የተኛሁበት ቀን የለም። ግን እግዚአብሔር የልጅሽን ወሬ በሌባ ስልክ ይልክልሻል ብየ አላምንም።

እማየ፣ ልብሽን እንደምሰብረው አውቃለሁ። አለ ያለሽን ሰው ውሸታም ነው ስልሽ ልጅሽን ሁለተኛ የገደልኩብሽ ይመስልሻል። እኔም ስልኩ እውነት በሆነ ብየ አልቅሻለሁ። ግን መሬቱን ለሌባ ሰጥተሽ ደጉ አንድ ቀን ቢመጣ ምን ላይ ይቁም?

ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ እሺ በይኝ። ያ ሰው እንደገና ሲደውል አታልቅሽለት፣ ስምም አትጥሪለት። በቅሎዋ የጠፋችብን ለት ደጉ አባየን ምን ብሎ እንደዋሸው ጠይቂው። አባየ ተቆጥቶ ጀምሮ በሳቅ የጨረሰባትን ውሸት። እዚያ የነበርነው አራታችን ብቻ ነን፤ አባየ ምሥጢሩን ይዞ አልፏል፣ ስንሻው ገና በጀርባሽ ነበር። መልሱን እዚህ አልጽፈውም፣ ለስንሻውም እንዳትነግሪው፤ ይቅር ይበለኝ፣ ወሬ አይቋጥርም። ደጉን አቅርበው እሱ ራሱ ከመለሰ፣ ኮምፒውተሬን ሸጨ በዚያው ቀን ሐምዳይት እወርዳለሁ፣ መሬቱንም አስይዢ፣ አልከለክልሽም። መላሽ ከጠፋ ስልኩን ዝጊና ከብትሽን አስገቢ። ገጹ ክፍት ነው፣ እኔም እዚሁ ነኝ።

ለስንሻው፣ ለሚስቱ ለማሬ፣ ስሙን ገና ላልሰማሁት አራስ ልጃቸው ሰላምታየ ይድረስ። ለልጁ የክርስትና ስም ስታወጡ ግን በስልክ አትንገሩኝ፤ መጥቼ በጆሮየ እሰማዋለሁ። ለእትየ ዙፋን፣ ልጇን በሙሉ ጤናው ልከንላታል፤ ለበሬዎቿ ማኅበሩ እንዲያዋጣ ጋሽ ኪዳኔን አንቄ ይዣለሁ በያት። አክስቴ አሰፋች ጉንጭሽን ትስማለች። ራዲያም ሰላም ትልሻለች፤ ለእስማኤል በጸሎትሽ እንድታስቢው አደራ ብላለች።

ለደጉም ሰላም በይልኝ። ቢጠፋም ከቤቱ ሰው ቁጥር አላወጣሁትም።

ልጅሽ ትህትና
ገዳሪፍ፣ ታኅሣሥ 7 ቀን 2005 ዓ.ም.