ስቀመጥ የሚረጥበው ፋሻ

ሰኞ፣ የካቲት 3

ዛሬ መቀስ ወደቀብኝ። ቆሜ አየሁት። ማጎንበስ ክልክል፣ መጠምዘዝ ክልክል፣ ከባድ ማንሳት ክልክል... ልጄ በትልልቅ ፊደል ጽፋ ከስፌት መኪናዬ በላይ ለጥፋዋለች። አርባ ዓመት ልብስ የሰፋሁ ሴትዮ፣ የመቀስ ዘበኛ ሆኜ ቀረሁ።

ወገቤ ከተከፈተ አሥራ ሁለት ቀን። ከታች ያሉት ሁለት አጥንቶች በብሎን ታስረዋል። "አጥንቱ ራሱ እስኪያያዝ ብረቱ ይይዘዋል" ብሎኛል ሐኪሙ። ልብሱ እስኪሰፋ በስፒል እንደምንይዘው መሆኑ ነው።

ልጄ ቅዳሜ ሄደች። መሥሪያ ቤቷ ለሁለት ወር ሥልጠና ላካት። ልቅር ስትል እኔው ነኝ ሂጂ ያልኳት። ባሏን ትታልኝ ሄደች። ጎሚስታውን። አማቼ ከሆነ አራት ዓመቱ ነው፤ የተነጋገርነው ቢሰበሰብ አንድ ገጽ አይሞላም። እኔ አስተማሪ ነበር ያሰብኩላት። ጎማ ሲለጥፍ የሚውል፣ ጥፍሩ ሁልጊዜ ጥቁር፣ ምላሱ የታሰረ ሰው አመጣችልኝ።

መቀሱን ከሥራ ሲመለስ አነሳልኝ።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ራስ ምታት። ቁጭ ስል ማጅራቴን ጨምድዶ ይይዘኛል፤ ጋደም ስል ይለቀኛል። እንቅልፍ ማጣት ይሆናል።

ረፋዱን ቁጭ ብዬ ቆይቼ ስነሳ ቀሚሴ ከወገቡ ረጥቧል። ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ ላብ ነው አለች፤ ፋሻውን ቤት ውስጥ ቶሎ ቶሎ እንድቀይር። ማን ይቀይርልኝ? ሰው የራሱን ጀርባ አያይ።

ስለ ራስ ምታቱ አልነገርኳትም። ምን ብዬ?

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ጎረቤቴን ለመንኳት። "ይኼማ ምን አላት" እያለች እጇን ታጥባ መጣች። ፕላስተሩን ገልጣ ስፌቱን ስታይ ዞረባትና አልጋዬ ላይ ተዘረረች። ውሃ ያጠጣኋት እኔ ነኝ። ታማሚዋ ማን፣ አስታማሚዋ ማን... ጠፋን።

አማቼ በር ላይ ቆሞ ነበር። "እኔ ልሞክር፣ እማማ?"

"አያስፈልግም።"

ወገቤን ገልጬ ለልጄ ባል ላሳይ? ምድር ትዋጠኝ እንጂ።

ዓርብ፣ የካቲት 7

ምድር አልዋጠችኝም። ፋሻው አንሶላው ድረስ ራሰ፣ ጎረቤቴም ስልኳን አላነሳችም። አማቼን ጠራሁት።

ሲታጠብ መቼስ... እስከ ክርኑ፣ በብሩሽ። የጥፍሩ ጥቁር ግን አልለቀቀም። ጓንት አደረገ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ጎማ ከቸርኬ እንደሚያላቅቅ አድርጎ ይመነጭቀዋል ብዬ ጥርሴን ነክሼ ጠበቅሁ።

ፕላስተሩን ከጠርዙ ጀመረ። በአንድ እጁ ቆዳዬን ይዞ፣ በሌላው ቀስ... ልክ እኔ የሐር ልብስ ስፌት ስተረትር እንደማደርገው። የእጅ ነገር አውቃለሁ። አርባ ዓመት ሙሉ የሠራተኛ እጅ ስቀጥርና ሳሰናብት ኖሬያለሁ። ይሄን እጅ እቀጥረው ነበር።

አመሰግናለሁ ሳልለው ወጣ። ነገ እለዋለሁ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

አላልኩትም። ተጣላን እንጂ።

ፋሻውን እየቀየረ፣ ጠዋት ተኝቼ ነበር ወይስ ተቀምጬ ብሎ ጠየቀኝ። ምን ያደርግልሃል ስለው ከኪሱ ወረቀት አወጣ። ከትናንት ጀምሮ ጽፎታል! ሰዓቱ፣ መተኛቴ፣ መቀመጤ፣ ፋሻው እርጥብ ይሁን ደረቅ።

"እኔ ጎማ ነኝ?" አልኩት።

"አይደሉም። ግን የሚያፈስ ነገር ጠባዩ አንድ ነው።"

ከዚያ የተናገረውን ያህል በአራት ዓመት ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ቀዳዳው የጠፋ ከመነዳሪ፣ የጎማው የውስጥ ላስቲክ፣ ባዶውን ቢያገላብጡት አይገኝም አለ። ነፍተው ውሃ ውስጥ ሲነክሩት ነው አረፋው የሚያጋልጠው። ላብ ቢሆን ጎንና ጎኔም ይረጥብ ነበር፤ የሚረጥበው ግን አንድ ቦታ ብቻ ነው። ስተኛ ይደርቃል፣ ስቀመጥ ይረጥባል፣ ሳስል ይብሳል። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም።

"ራስዎን አያምዎትም?" አለኝ በመጨረሻ።

"አያመኝም።"

ለምን ዋሸሁ?

እሑድ፣ የካቲት 9

ልጄ ደወለች። ደህና ነኝ፣ ባልሽም ደህና ነው፣ ሁሉም ሰላም... ስልኩን ሰጠሁት። ስለ ሥልጠናዋ አወሩ። ሲጨርስ ከፊቴ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። እንዲህ ተቀምጦ አያውቅም።

"እማማ፣ እኔ ለሚስቴ አልዋሽም። ዛሬ አልጠየቀችኝም። ነገ ከጠየቀች እነግራታለሁ።"

አልተቆጣም። እንዲሁ እንዳውቀው ነው የነገረኝ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልኩ ስንቱን ደንበኛ መክሬ ልኬያለሁ፤ ሰውን መምከር ምን አለበት! እኔ የፈራሁት ያን ጠረጴዛ ነው። መብራቱን፣ ጭምብሉን፣ ከአሥር ወደ ታች ቁጠሪ የሚለውን። እንደገና እንከፍታለን ቢሉኝስ? ልጄስ ሥልጠናውን ጥላ ብትመጣ?

ራሴን እንደሚያመኝ ነገርኩት። ቁጭ ስል፣ አምስት ቀን ሆነው። እሱም ጻፈው። "ነግሬዎት ነበር" የሚል ፊት ጠበቅሁ... የለም። ሱቁን ነገ እንደማይከፍት ብቻ ነገረኝ።

ሰኞ፣ የካቲት 10

ሆስፒታል። በአማቼ ጓደኛ መኪና ኋላ ወንበር ላይ ተጋድሜ ሄድኩ።

ተረኛዋ ነርስ ቀጠሮዬ ገና ዘጠኝ ቀን ይቀረዋል አለች። አልጮኸባትም። እንቆያለን አላት፣ ቆየን። እኔን ሦስት ወንበር ላይ አስተኝቶ እሱ ቆመ። ቀዶ ሐኪሙ በአጠገባችን ሲያልፍ ወረቀቱን ሰጠው።

ሐኪሙ ሁለት ጊዜ አነበበው። "ነርስ ነህ?"

"ጎሚስታ ነኝ።"

አልሳቀም። አስገባን። ተቀመጪ አለኝ፣ ወደ ፊት ዘንበል በይ፣ አስዪ። ጠብ አለ። ጀርባዬ ላይ ሲወርድ ለእኔም ታወቀኝ።

ሐኪሙ እንዳስረዳኝ፣ ነርቮቹን ያቀፈ ስስ ሽፋን አለ፣ ውስጡ ፈሳሽ አለ፤ ወገቤ ሲሠራ ሳይታይ ትንሽ ተቀዶ ኖሯል። የሚወጣው የአከርካሪዬ ውሃ ነው። ጭንቅላቴ ቁጭ ስል የሚያመኝም ውሃው ስለሚጎድልበት። "የሚያሰጋኝ መውጣቱ ብቻ አይደለም" አለ። "እሱ በሚወጣበት ተህዋስ ሊገባ ይችላል። ከገባ ወደ አንጎል ነው።" ነገ እንደገና ከፍቶ ይሰፋዋል።

በምን ክር ብዬ ጠየቅሁት። ከመሳቢያው አውጥቶ አሳየኝ። ከፀጉር የቀጠነ። እኔ በእንዲህ ያለ ክር ሰፍቼ አላውቅም። ይገርማል፣ ክሩን ካየሁ በኋላ ፍርሃቴ ቀነሰ።

ለልጄ ደውልላት አልኩት። "እርስዎ ይንገሯት፣ እኔ እይዝልዎታለሁ" ብሎ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ያዘልኝ። ነገርኳት። አለቀሰች። ነገ እመጣለሁ አለች። ያኔ ስልኩን ወደ ራሱ ወሰደና አንድ ቃል ተናገረ።

"አለሁ።"

እሺ ስትለው ለእኔም ተሰማኝ።

ሐሙስ፣ የካቲት 13

በእርሳስ ነው የምጽፈው፣ በጀርባዬ ተጋድሜ። ራስ ቀና ማድረግ አይቻልም። ጣሪያው አርባ አራት ጣውላ አለው።

ዓርብ፣ የካቲት 14

ሾርባ በቀሰም። አማቼ ይይዛል፣ እኔ እስባለሁ። ለምን አትናገርም አልኩት። አሰበ አሰበና፣ "አባቴ ብዙ ይናገር ነበር" አለኝ። ሌላ አልጠየቅሁም... አንጀቴን በላው።

እሑድ፣ የካቲት 16

ደረቅ።

ሰኞ፣ የካቲት 17

ዛሬ አስቀመጡኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ራስ ምታቱን ጠበቅሁት። አልመጣም። አስዪ አሉኝ። ነርሷ ጀርባዬን አየች፤ እኔ ግን አማቼን ነበር የምጠብቀው። ጎንበስ ብሎ አየ፣ በመብራት አየ።

"ደረቅ ነው፣ እማማ።"

አመሰግናለሁ አልኩት። አሥር ቀን ዘግይቶ።

ሰኞ፣ መጋቢት 8

ቤት። ስፌቱ ገጥሟል። ግን ግራ እግሬ... ጫማው እየተንሸራተተ ይወልቃል፣ ጣቴ ምንጣፉ ላይ ይጎተታል። ነርቩ ተቆጥቷል አለ ሐኪሙ። በወራት ይመለስ ይሆናል፣ ላይመለስም ይችላል። እንዲህ በግልጽ ስለነገረኝ አከበርኩት። ቤት ስገባ ግን አለቀስኩ፣ ትንሽ።

እንቅስቃሴ የምታሠራኝ ሴት ጣቴን ወደ ላይ ሠላሳ ጊዜ ሳቢ ትለኛለች። ጣቴ አይሰማትም። ፔዳሉን በቀኝ እግሬ እረግጣለሁ። ሃያ ደቂቃ ስፌት፣ አሥር ደቂቃ እርምጃ። አማቼ በሩ ጋ የእንጨት መያዣ መታልኝ። ቁመቱን ሳይለካኝ ልክ አመጣው።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 23

ለጎረቤቴ የትራስ ልብስ ሰፋሁላት። ዋጋው፣ ቁስሌን ዳግመኛ አላይም ማለቷ ነው።

የእግሬ ጣት ዛሬ ተነሳች። የሩዝ ፍሬ ያህል። ሐሳቤ ይሆን? ነገ እንደገና አያለሁ።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 3

ልጄ መጣች። ሻንጣዋን እንደያዘች ዘልቃ ስትገባ እኔና ባሏ ጠረጴዛው ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠናል። እኔ ቁልፍ እተክላለሁ፣ እሱ ሻይ ይጠጣል። ማናችንም አንናገርም። እንዲህ ከሆንን ሰዓት ሳያልፈን አልቀረም።

አንዴ እኔን አየች፣ አንዴ እሱን።

"ተኳርፋችኋል እንዴ?"

ተያየን። እሱ ሻዩ ትን እስኪለው ሳቀ። ድምፅ አውጥቶ ሲስቅ ስሰማ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። ልጄ ግራ እንደገባት ቀረች።

አቅፋ ስማኝ ስታበቃ እጇን ያዝኩና አጠገቤ አስቀመጥኳት። ጠዋት ጠዋት ወገቤ ገትሮ እንደሚይዘኝ፣ ግራ እግሬ አሁንም እንደሚጎተት፣ ትናንት ደረጃው ላይ ልወድቅ እንደነበር... አንድ በአንድ ነገርኳት። ሳትጠይቀኝ።