መቅኔዬ በወንድሜ ገላ

ኅዳር 9፣ ጠዋት
ፈተና የማርመው ቆሜ ነው። መቅኔ የቀዱበት ዳሌዬ አሁንም ይጠዘጥዛል። ሰባተኛ ሀ አልቋል፣ ለ ይቀራል።
ማስታወሻዬ፣ የዮናስ ደብዳቤ መጣ። ታናሼ ለትምህርት ምሥራቅ ጀርመን በሄደበት የደም ካንሰር ይዞት፣ የሚገጥመው የእኔ መቅኔ ብቻ ሆኖ፣ ሄጄ ሰጥቼው ከተመለስኩ ወር አልሞላም። አሁን መዳፉና ውስጥ እግሩ ቀልቶ ተላጠ ይላል። ተቅማጡ አልቆም ብሎታል። ሐኪሞቹ፣ የእህትህ ነጭ የደም ሴሎች ናቸው፣ ገላህን ባዕድ ብለው እየወጉት ነው አሉት።
አዝዬ ያሳደግኩትን ልጅ ደሜ አላውቀውም አለ!

ኅዳር 11፣ ከሰዓት
ዶ/ር ደግፌ ዘንድ ሄድኩ፣ ሽማግሌው ሐኪማችን። ስንት ወልደሻል አሉኝ። ሦስት። የወለደች ሴት ነጭ ሴሎች በእርግዝና ጊዜ የሌላ ሰው ገላ መለየት ይማራሉ፣ ለጠብ ይፈጥናሉ አሉ። ታዲያ ለምን ከእኔ ወሰዱ? ሌላ የሚገጥም አልነበረማ! ተቆጡኝ። ከዚያ ለስለስ አሉ። መጠነኛ ውጊያ የተረፈውን ካንሰርም ይለቅማል ይባላል፤ ሲበዛ ነው የሚያስፈራው፤ የሚያበርድ መድኃኒት አለ።
በሐይቅ ዳር በእግሬ ተመለስኩ። ጥፋቱ የእኔ አይደለም። ነው። አይደለም።

ኅዳር 18፣ 5 ሰዓት
ቴሌ ጠሩኝ። ራሱ ዮናስ! ድምፁ ቀጥኗል። አዲስ ቆዳ አውጥቷል፤ የጠጣው ሾርባ ሆዱ ውስጥ ዋለ። “እታለም፣ ወታደሮችሽ ረገቡልኝ!” መስመሩ ይንጫጫል። “ወታደሮቼ አፈገፈጉ?” ብዬ ጮህኩ። ከወረፋው አንድ መለዮ ለባሽ ዞሮ አየኝ። “የደም ሴል ነው፣ ጓድ!” አልኩት። ሳቀ። እኔ አለቀስኩ። የከተማችንን ፒያሳ እስካልፍ እንደዚያው፣ ሳቅም ለቅሶም።

ኅዳር 19፣ ጠዋት
እንቅልፌን ጠገብኩ። ዮናስ በመጨረሻ ያለኝን ለባለቤቴ ለተስፋዬ ነገርኩት፦ በሽታው ከተመለሰ ሐኪሞቹ ዳግመኛ ይጠሩኝ ይሆናል። የመውጫ ቪዛውን መከራ አነሳብኝ። ያ ሁሉ ደጅ ጥናት፣ እሱ ብቻውን ከሦስት ልጅ ጋር። እውነቱን ነው። እኔም እፈራለሁ። ከጠሩኝ ግን እሄዳለሁ አልኩት። የጫማውን ክር አሰረ። በሩ ላይ ዞር አለና፣ እንግዲያው ጉርድ ፎቶ ከአሁኑ ተነሺ፣ አራት ይፈልጋሉ አለኝ።
ከትምህርት ቤት ስወጣ እነሳለሁ።